ከእናት እጅ

ግቢ፣ ግቢ እህቴ። በሩን ገርበብ አድርጊው፣ ነፋሱ ሪባኖቼን ያተራምስብኛል። ካርቶኑን ከወንበሩ ላይ አንሺና ተቀመጪ። ሙጫው ስላልደረቀ እጄን አልሰጥሽም፤ በክርኔ ሰላም ልበልሽ። … ወፍረሻል ልበል? አይ፣ አምሮብሻል ማለቴ ነው። ጸጉር ሠሪ ስታምር የደንበኛም ልብ ይረጋል።

እና ልጁ ተመረቀ በይኛ። እሰይ፣ እንኳን ለዚህ አበቃሽ። ለእንግዶቹ የሚሰጥ መታሰቢያ ፈልገሽ ከሆነ ቤትሽ መጥተሻል። ሻማ አለ፣ ብርጭቆ ውስጥ አፍስሼ የማረጋው። የቁልፍ መያዣ አለ፣ የልጁን ስም እቀርጽበታለሁ። ከረሜላ የሚጨመርበት ትንንሽ የጨርቅ ከረጢትም እሰፋለሁ። ሳሙናም አለ… ሳሙና ግን አልመክርሽም። ምንም አይደለም፤ ሰሞኑን ብዙ ሠራሁና ሽታው አፍንጫዬ ላይ ቀረ።

ከሁሉ በፊት ግን እንግዶችሽ የየት አገር ሰዎች ናቸው? አትሳቂ፣ ለሥራዬ ነው የምጠይቅሽ። ሰው እኮ ድግስን የሚያውቀው እንዳደገበት ነው። የደጋ ሰው መታሰቢያውን ሳህኑ አጠገብ ካላገኘው የተረሳ ይመስለዋል። የቆላ ሰው ገና በር ላይ ካልተቀበለ ቅር ይለዋል። ከተሜው ፎቶ ላይ ካማረለት ስለሌላው ግድ የለውም። ከወንዝ ማዶ ያሉት ደግሞ… የነሱን ወግ እንኳ አሁን በደንብ አውቄዋለሁ። በወንድሜ ልጅ ሰርግ አይደል የተማርኩት።

ቀርተሽብን ነበር መቼም። ቅዳሜ ሆኖብሽ ወንበርሽን ጥለሽ መምጣት አልቻልሽም። አልቀየምኩሽም፤ ሥራ ነው። ደግሞ አንቺ ባትመጪም የእጅ ሥራሽ መጥቶልናል። እንግዳችንን ያሳመርሻት አንቺ አይደለሽ?

እንግዳችን ማለቴ… ልጅቷን የወለደቻትን ነዋ። ስሟን አልጠራም። ስም ካልተጠራ ሐሜት አይባልም ይላሉ፣ እኔ ደግሞ ሐሜት አልወድም። ለማመስገን ነው ያነሳኋት።

ምን ዓይነት ጎበዝ ሴት መሰለችሽ። አንቺ ከልጅነት ጓደኛዋ ነሽ፣ ከኔ በላይ ታውቂያታለሽ። ልጅቷ የመጀመሪያ ጥርሷን ስታበቅል ‹‹ለጥቂት ወራት ሌላ ከተማ ሥራ ልሞክር›› ብላ ሄደች። ያ ጥርስ ወልቆ ሌላ ጥርስ በቦታው እስኪበቅል ስትሞክር ቆየች። ከዚያም በኋላ ሞከረች። አሁን ማን ነው በአንድ ሥራ ላይ እንዲህ የሚጸና? የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች የሚሉ ሰዎች ነበሩ። እኔ ግን ተከራክሬላታለሁ። መቼ ጣለች? የብብቷን እኔ ብብት ውስጥ አስቀምጣ ነው የሄደችው። አስቀማጭ እና ጣይ ይለያያል።

ወንድሜን ታውቂዋለሽ፤ ሹፌር ነው፣ ኑሮው መንገድ ላይ ነው። ልጅቷ ያደገችው እዚሁ ጠረጴዛ ሥር ነው። የሪባን ቁርጥራጭ ሰብስባ፣ እሱን አንጥፋ እንቅልፏን ትለጥጣለች። እንቅልፍ ካጣችም መቀስ ስጪኝ ብላ ታስለቅሰኛለች። ደግሞ እናቷ ረሳቻት እንዳይባል፣ እንግዳችን በየዓመቱ ፎቶ ትልክ ነበር። የራሷን ፎቶ። ልጅ የእናቷን መልክ እንዳትረሳ እንዲህ የምታስብ እናት ስንት አለች? እኔም ያንን ግድግዳ ላይ እሰቅለዋለሁ። ልጅቷ ትኩሳት ሲይዛት አቅፌያት ወደሱ አዞራታለሁ። ፎቶ ጥሩ ነው እኮ… ስታለቅሺ እንኳ ፈገግ እንዳለ ነው።

ሰርግ ሲባል ግን መጣች። ማን ቀረች ሊላት ነው? በደህናው ቀን መጣች። እንግዳ ሲሰነብት ባለቤት ይሆናል ይባላል፤ የኛዋ ፈጣን ናትና ሳትሰነብት ሆነች። ሻንጣዋን ከፍታ ሳትጨርስ ‹‹የእንግዶቹን መታሰቢያ የምመርጠው እኔ ነኝ፤ እናት ነኝ›› አለች። እውነቷን ነው። እዚህ ቤት መጣችና አሁን አንቺ የተቀመጥሽበት ላይ ተቀምጣ፣ ያለኝን ሁሉ አንድ በአንድ እያነሳች አሸተተች። ሻማው ‹‹ያጨሳል›› ተባለ። ከረጢቱ ‹‹ድሃ ድሃ ይላል››። መጨረሻ ላይ ሳሙና መረጠች።

ሰው የሚያውቅበትን ነው የሚመርጠው። እጅ በመታጠብ እሷን የሚስተካከላት አላየሁም። አንድ ጊዜ ታጠበች፣ ይኸው እስከ ሰርጉ ድረስ አልቆሸሸችም። … ይህን አላልኳትም፣ ምን ቆርጦኝ። ‹‹ጥሩ ምርጫ ነው›› ነው ያልኳት።

‹‹ምን ይጻፍበት?›› ብላት ‹‹ከእናት እጅ›› አለችኝ። በወርቅማ ቀለም፣ ፊደሉ ተለቅ ብሎ። ወንድሜ ያን ጊዜ በሩ ላይ ቆሞ ነበር፤ ዓይኑን ከመሬት አላነሳም። እኔ ግን ምን ቸገረኝ? ሳሙናውን አቀለጥኩ፣ ቅርጽ ውስጥ አፈሰስኩ፣ ቆረጥኩ፣ ጠቀለልኩ፣ ሪባን አሰርኩበት፣ ጽሑፉን ለጠፍኩበት። ‹‹ከእናት እጅ›› ይላል፤ ከእናት እጅም ነው የወጣው። እኔ ሥራዬ ላይ ሐሰት አልጽፍም።

እንግዲህ ወጉ ላይ ልምጣልሽ። የሙሽራው ወገኖች ከወንዝ ማዶ ናቸው ብዬሻለሁ። እነሱ ዘንድ መታሰቢያ ጠረጴዛ ላይ አይቀመጥም። እንግዳ ሲወጣ ሙሽራዋ በር ላይ ትቆምና በገዛ እጇ ትሰጣለች። እናቷ ከጎኗ ሆና የልጅቷን ሰዎች ለአማቾቿ ታስተዋውቃለች፤ ይሄ ማን ነው፣ ለልጄ ምኗ ነው፣ እያለች። ልጅን ከነሰዎቿ ማስረከብ ይሉታል። ደስ አይልም?

ወንድሜ የዋህ ነው፤ ‹‹እዚያ ላይ እንኳ እታለም ትቁም፤ ሰዉን የምታውቀው እሷ ናት›› ብሎ አፉን ሞልቶ ተናገረ። እታለም የሚለኝ እኔን ነው፣ ልጅቷም ከሱ ሰምታ እንደዚያው ነው የምትጠራኝ። እንግዳችን ምን አለች መሰለሽ? ‹‹ወግ ይከበር። ወጉ የሚለው እናት ነው፤ አክስት አይልም።›› ወግ አክባሪ ሰው እንዴት ያስቀናል። ልጅቷ አንዴ እኔን፣ አንዴ እሷን አየችና አቀረቀረች። በሰርጓ ዋዜማ ጠብ እንዲነሳባት ስላልፈለግኩ ‹‹ልክ ናት፣ እሷ ትቁም›› ብዬ እኔው ጨረስኩት። እኔ ጓዳውም ይበቃኛል።

እውነትም ጓዳ ነበርኩ። አንዱን የሳሙና ካርቶን ውሃ ነክቶት ሪባኑ ሁሉ ተጨማድዶ ነበርና ቁጭ ብዬ እንደ አዲስ አስራለሁ። በሩ በደንብ አይገጥምም፤ ስለዚህ ሳልፈልግም አያለሁ። … እሺ፣ ፈልጌም አያለሁ።

መጀመሪያ የወጣችው ማንበብ ያስተማረቻት መምህሯ ናት። ሕፃኗ ፊደል አልገባ ብሏት ስታለቅስ፣ ከትምህርት ቤት ስትመለስ እዚህ ሱቅ ጎራ እያለች፣ በሪባን ፊደል እየሠራች ያስጠናቻት ሴት። እንግዳችን ‹‹ይቺ… የሰፈር ሰው ናት›› አለች። ቀጥሎ ዳቦ ጋጋሪው ጎረቤታችን መጣ። ‹‹ይሄ ዘመድ ነው።›› ሳንባዋን ስትታመም ያዳናት ሐኪም መጣ። እሱም ዘመድ ነው። ልቧ ሰፊ ነው፣ ሰው ሁሉ ዘመዷ ነው። አብራት ያደገችውን ጓደኛዋን ደግሞ እጇን ጨብጣ ‹‹እናንተስ በሙሽራው በኩል ምኑ ናችሁ?›› አለቻት። ሙሽራዋ በሹክሹክታ ልታርማት ብትሞክር እንግዳችን ፈገግታዋን ሳትቀንስ ወደሚቀጥለው አለፈች። ፈገግታዋ ከፎቶው ጋር አንድ ነው እኮ፣ ፈጽሞ አልተለወጠም።

የሙሽራው አያት አጠገባቸው ወንበር ተደርጎላቸው ተቀምጠዋል። ዓይናቸው የደከመ፣ ጆሯቸው ግን ያልደከመ ባልቴት ናቸው። ዘመድ፣ ዘመድ፣ ዘመድ ሲባል ሰሙ፣ ሰሙ… ከዚያ የእንግዳችንን ክንድ ያዝ አደረጉና፣ በፍቅር ነው እኮ፣ ‹‹የኔ ልጅ›› አሏት፣ ‹‹ደግሰሽ የምታስተናግጂው አንቺ ነሽ መሰለኝ፣ እግዜር ይስጥሽ። አንቺ ሳሙናውን አቀብይ። አሁን እናቷን ጥሪልኝ፤ ሰዎቹን የምታውቃቸውን።››

ያቺን ሰዓት እንዴት እንዳዘንኩላት። ለምን ታይኛለሽ? ከልቤ ነው። ሰው መሀል፣ ያ ሁሉ እንግዳ ተሰልፎ። ሙዚቃው እንኳ ያን ጊዜ ነው ያቆመው። እዚህ ላይ አንቺን ማመስገን አለብኝ፤ ያን ያህል ላብ ወርዶ የቀባሻት ቀለም ንቅንቅ አላለም። እጅሽ ይባረክ።

እኔ ከተቀመጥኩበት አልተነሳሁም። የመጣችው ልጅቷ ናት። ያንን ረጅም ቀሚስ በሁለት እጇ ሰብስባ ጓዳ ገባች። ‹‹እታለም፣ ነይ›› አለችኝ።

‹‹እጄ ሙጫ ነው፣ ቀሚስሽን አበላሻለሁ›› አልኳት።

‹‹መቼ ሙጫ አልነበረም?›› ብላ በእጄ አንጓ ይዛ አወጣችኝ።

ቆምኩ። የሄዱትን ከግቢው በር መለሱልኝና ሁሉንም እንደገና አስተዋወቅኩ። ስለ ሪባኑ ፊደል ለባልቴቷ ስነግራቸው መምህሯ አለቀሰች፤ እሳቸውም እጇን በሁለት እጃቸው ይዘው ብዙ ቆዩ። እንግዳችን ደግሞ… እዚህ ላይ አደንቃታለሁ። ሌላ ሰው ቢሆን ጥሎ ይሄዳል፤ መሄድ የማታውቅበት ሆና አይደለም። ግን አልሄደችም። እንደታዘዘችው ሳሙናውን ታቀብለኝ ጀመር። እኔም በያንዳንዱ ‹‹እግዜር ይስጥልኝ›› እላታለሁ። ለዚያች ልጅ የሚሆን ነገር ስታቀብለኝ የመጀመሪያዋ አይደል? ምስጋና ይገባታል።

ሲያልቅ ልጅቷ ሁለታችንንም አንድ ላይ አቀፈች። እሷን ‹‹እማ›› አለቻት። … አዎ፣ ሰማሁ። ደስ ነው ያለኝ። ለምን አይለኝ? ቃሉን ያስተማርኳት እኔ ነኝ፤ ያንን ፎቶ በጣቴ እያሳየሁ፣ ‹‹በይ፣ እማ በይ›› እያልኩ። ያስተማርሽው ልጅ ትምህርቱን ሳይረሳ ሲቀር ደስ አይልም?

…

ምነው በሩን በሩን ታያለሽ? ቸኩለሻል? አሁን እለቅሻለሁ። አንድ ነገር ብቻ። ሰሞኑን ‹‹ልጄን ነጠቀችኝ፤ ልቧን አሻክራ በሰው ፊት አዋረደችኝ›› ተባለ አሉ። ማን እንዳለው አልነገሩኝም። የት እንደተባለ ግን ነገሩኝ፤ ጸጉር እየተጠቀለለ ነው ይላሉ። አንቺ እንኳ አልሰማሽም፣ ማድረቂያው ይጮህብሻል። ደግሞ አፍሽን አውቀዋለሁ። ካንቺ ቤት ተቆርጦ የሚወጣ ጸጉር ብቻ ነው። ወሬማ… እሱ ሳይቆረጥ ነው የሚወጣው።

እኔ መቼም መንጠቅ አላውቅበትም። የተቀመጠልኝን ነው የያዝኩት። በሚመጣው ሳምንት ልጅቷ አዲሱ ቤቷ ጠርታኛለች፣ ወንዙን ተሻግሬ ልሰነብት ነው። ባልቴቷ ‹‹ያቺ እጇ የሚጣበቀው ትምጣልኝ›› ብለው ላኩ። እንግዳችንም ተጠርታለች። ማን ትጠራ እንዳለ ልንገርሽ? እኔ ነኝ። ልጅቷ ስታመነታ፣ ‹‹ጥሪያት እንጂ፣ ቤት ያለ እንግዳ አያምርም›› አልኳት።

በይ ያንቺን እንጨርስ። ሻማው ይሁንልሽ። አረንጓዴው ሪባን ለወንድ ልጅ ያምራል። ከመሄዴ በፊት አደርስልሻለሁ፤ የሰው ደስታ በኔ አይጓደልም።

እሷ መቼም ጸጉሯን ልትሠራ ትመጣ ይሆናል። ከመጣች ሰላም በይልኝ። ምንም አልተቀየመችሽም በያት። እንዲያውም ጠዋት ስነሳ እመርቃታለሁ በያት፤ እውነቴን ነው። እግዜር ረጅም ዕድሜ ከጤና ጋር ይስጣት። ጉልበቷ ሲደክም፣ ዓይኗ ሲፈዝ፣ የሰው እጅ የምታይበት ዘመን ሲመጣም ልጇን አያሳጣት። እሷ ልጅቷን በሕፃንነቷ እንደያዘቻት፣ ልጅቷም እሷን በእርጅናዋ ልክ እንደዚያው፣ ምንም ሳታጎድል፣ ትያዛት።

አሜን በይ እንጂ፣ እህቴ።