ቁልፍና ባትሪ በአንድ ኪስ

ጠዋት ከአውሮራ ወደ መሃል ከተማው፣ ወደ ዳውንታውን፣ በሚሄደው አውቶቡስ ከኋላዬ አንዲት እናትና አንድ ወጣት በአማርኛ ያወራሉ። ወጣቱ ስልኩን ሲያወጣ ከኪሱ ባትሪ ወድቆበት ነበር።

«ምንድን ነው እሱ፣ ልጄ?»

«የቬፕ፣ የኤሌክትሪክ ሲጋራዬ፣ መለዋወጫ ባትሪ ነው፣ እትዬ።»

«ከዚያ ሁሉ ቁልፍ ጋር?»

«የሰው መኪና ፓርክ ሳደርግ ነው የምውለው፤ ኪሴ ሁሌ ቁልፍ ነው።»

«ቁልፉ የባትሪውን ሁለት ጫፎች ካገናኛቸው ሱሪህ ይቃጠላል! የራሴ ልጅ ጃኬት እንዲህ ነው የነደደው። ሽፋኑ ተልጧል?»

«ኧረ አዲስ ነው።»

«በል መዳፍህን ዘርጋ።»

«ቆሎ?»

«እሱን ብላ። ባትሪውን ቆሎው በነበረበት የላስቲክ ዕቃ ለብቻው አስቀምጠው።»

«ቁርስዎን ወሰድኩብዎት እኮ!»

«ግድ የለም፤ አፍህ ቆሎ ከያዘ ጭሱንም ትረሳዋለህ።»

እኔም ቦርሳዬን ከፈትኩና የቤቴን ቁልፍ ከራሴ መለዋወጫ ባትሪ አጠገብ አነሳሁ።