ያልታየችኝ ባልዲ

የምስክር ቃል መቀበያ ቅጽ

ስም፦ በመዝገቡ ሽፋን ላይ የሰፈረው፤ በሰፈር መጠሪያው “ውሃ ልክ”
ዕድሜ፦ 41
ሥራ፦ ሴራሚክ አንጣፊ
አድራሻ፦ ከአባቱ ጋር በአንድ ግቢ፣ ሰማያዊ የብረት በር ያለው
ቃሉ የተሰጠበት፦ ሐሙስ ከጠዋቱ 3፡20፤ ማክሰኞ የሰጠውን ቃል ለማረም ራሱ ቀርቦ

ማክሰኞ ዕለት “ፍሬን እምቢ አለኝ” ብዬ የሰጠሁት ቃል ውሸት ነው። ፍሬኑ ምንም አልሆነም። በእኔ ቃል የታሰረው ሜካኒክ ጥፋት የለበትም።

ነገሩ የተጀመረው እሑድ ነው። የባለቤቴ ወንድም በትልልቅ ጎማ የቆመች ፒክ አፑን አምጥቶ ከእኔዋ ጎን አቆማት። የእኔዋ ከፋብሪካ እንደወጣች ከፊት ዝቅ፣ ከኋላ ከፍ ያለች ነበረች። “ያንተዋ ደግሞ ሳንቲም የጠፋባት ይመስል መሬት መሬት ታያለች” አለኝ። ሁሉም ሳቁ፤ ባለቤቴም ሳቀች። ሲሄድ የሥራ ውሃ ልኬን አምጥቼ በሯ ሥር አስቀመጥኩባት። አረፋዋ ወደ ኋላ ሸሸች። ሃያ ዓመት ወለል ሳስተካክል የኖርኩ ሰው ነኝና ይህን ካየሁ በኋላ መቀመጥ አልቻልኩም።

ሰኞ ጠዋት ጋራዥ ሄድኩ። ሜካኒኩ ምን እንደምጭን ጠየቀኝ፤ ሴራሚክና ሲሚንቶ አልኩት። “ኋላዋ ከፍ ያለው ለዚህ እኮ ነው፤ ስትጭን ትስተካከላለች። ፊቷን ካነሳህባት ጭነህ ስትነዳ ሰማይ ነው የምታየው” አለኝ። የግድ ከሆነ ከፊት ባሉት ሞላዎች ላይ ከፍ የሚያደርጋት ባለ አንድ ኢንች ብረት፣ ስፔሰር የሚሉት፣ እንደሚበቃ፣ ጎማውም ከአንድ ቁጥር በላይ እንዳይጨምር መከረኝ። እኔ ባለ ሁለት ኢንቹንና ከተደረደሩት ጎማዎች ትልቁን መረጥኩ። “እንግዲህ የምትነዳት አንተ ነህ ወንድሜ” ብሎ ገጠመልኝ።

ሲጨርስ መሪው ላይ አስቀመጠኝ። ከኮፈኑ ሁለት እርምጃ ርቆ በርጩማ ላይ ቀይ ባልዲ አኖረ። ከፍ ያደረጋትን መኪና ሁሉ እንዲህ ሳይፈትሽ አይሸኝም። “ታየችህ?” አለኝ። አልታየችኝም። ሥራውን ያፈርሰዋል ብዬ ፈርቼ “ታየችኝ” አልኩት። “እርግጠኛ ነህ?” ሲለኝ “ዓይን አለኝ እኮ!” ብዬ ቀለድኩበት።

ማክሰኞ ጠዋት 12፡40 ላይ ሠላሳ ካርቶን ሴራሚክ ጭኜ ሞተር አስነሳሁ። ጠዋት ጠዋት በሩን የሚከፍቱልኝ አባቴ ናቸው። ከዚያም ፊት ለፊቴ ቆመው በእጃቸው “ና፣ ና” እያሉ ያስወጡኛል። አያስፈልገኝም፤ ደስ ስለሚላቸው ግን ተው ብያቸው አላውቅም። የዚያን ዕለት በሩ ሲከፈት አየሁ፤ እሳቸውን አላየሁም። ዳር የያዙ መሰለኝ። ለካ በሩን የሚያስደግፉበትን ድንጋይ ሊያስጠጉ ጎንበስ ብለው ነበር። ፍሪሲዮን ለቀቅኩ። ባለቤቴ ስትጮህ ፍሬን ረገጥኩ፤ ወዲያው ያዘ።

የአባቴ ጭን ተሰበረ። ፖሊስ ሲመጣ ዓይኔን በጨው ታጥቤ “ፍሬኑ ነው፤ ትናንት ጋራዥ ነበረች” አልኩ። ሜካኒኩ ሲያዝ “ባልዲዋ ታይታው ነበር እኮ” ከማለት በቀር ምንም እንዳልተናገረ ሰማሁ። እስከዚያች ሰዓት ያምነኝ ነበር።

ትናንት ከሰዓት ሆስፒታል ስገባ አባቴም ለመርማሪው “ፍሬኑ ነው” ብለው እንደፈረሙ ነገሩኝ። በዕድሜያቸው ሲዋሹ ሰምቻቸው አላውቅም። ብቻችንን ስንቀር “እንደው ለራሴ ልወቀው፤ ታየሁህ ወይ?” አሉኝ።

“አልታዩኝም አባዬ” አልኳቸው።

“ያ የታሰረው ሰውዬ ልጆች አሉት አይደል?” አሉና ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ።

ሜካኒኩ እንዲፈታ፣ የአባቴም ቃል በእሳቸው ላይ እንዳይያዝ እጠይቃለሁ። ያንን ውሸት አፋቸው ውስጥ ያስገባሁት እኔ ነኝ።

ይህ ቃል ከላይ እስከ ታች ተነብቦልኛል፤ የተናገርኩት ነው፤ ማንም አላስገደደኝም። መርማሪው የምጨምረው እንዳለ ጠይቆኝ፣ ባልዲዋ አልታየችኝም ያልኩበት ቃሌ ሜካኒኩ ባለበት እንዲነበብልኝ አመልክቻለሁ።

የቃል ሰጪው ፊርማ ____________
የመርማሪው ፊርማ ____________