ውሃ የደፋው ሙሽራ

(አዲስ አበባ፣ ከሰዓት በኋላ፤ በነርቭ ሐኪሟ በዶክተር ሐመልማል ጠባብ ክፍል፣ ሙሽራዋን ትርሲትን ያሳደጉ አክስቷ ወይዘሮ ዘውድነሽ ወንበራቸውን እስከ ጠረጴዛው ድረስ ስበው ተቀምጠዋል።)

ዘውድነሽ፦ አንዲት መርፌ ነው እኮ የምልሽ! እስከ ሰርጓ በእግሯ ታቁምልኝ። ከዚያ ወዲያ ያለው የእግዜር ነው።

ሐመልማል፦ እትዬ ዘውዴ፣ መርፌ ምርኩዝ አይደለም።

ዘውድነሽ፦ አምና አንድ ዓይኗ ሲጠፋ ሰጥተሻት የለም? ብዙም ሳይቆይ ጥልፍ ስትጠልፍ አይቻታለሁ።

ሐመልማል፦ ያኔ ያስፈልጋት ነበር። ትናንት ግን ከእግር እስከ ራሷ አየኋት፤ አዲስ የተነሳ ነገር የለም።

ዘውድነሽ፦ የለም? ግድግዳ ይዛ እየሄደች? አንዷ እኔ አልበቃ ብዬ ሁለት አድርጋ እያየችኝ?

ሐመልማል፦ ሁልጊዜ ነው?

ዘውድነሽ፦ ምኑ?

ሐመልማል፦ ሁለት ሆነው የሚታዩዋት።

ዘውድነሽ፦ ሁልጊዜማ አይደለም። ከወይባ ስትወጣ ነው።

ሐመልማል፦ ከምን ስትወጣ?

ዘውድነሽ፦ ከወይባ ጢስ ነዋ! ሙሽራ አይደለች? ጓሮ ጉድጓድ አስቆፍሬ፣ እንጨቱን ከቆቦ አስመጥቼ፣ ብርድ ልብስ ደራርቤ ነው የማሞቃት። እናቷ ብትሞት ወጓ አይሞትባትም። አንቺስ ስታገቢ አልሞቅሽም?

ሐመልማል፦ እኔ ባገባሁ ማግስት ተረኛ ነበርኩ።

ዘውድነሽ፦ ያስታውቃል። ፊትሽ አመድ መስሏል።

ሐመልማል፦ ፊቴን ይተዉትና፣ መቼ ጀመራችሁ?

ዘውድነሽ፦ ፋሲካ እንዳለፈ።

ሐመልማል፦ እና ትርሲት ምን ትላለች?

ዘውድነሽ፦ ምን ትላለች፣ ጨዋ ናት። ጥርሷን ነክሳ ትቀመጣለች። ስትወጣ እግሯ ይከዳታል፣ ዓይኗ ጭልምልም ይላል። ገላዋን ታጥባ ነፋስ ሲያገኛት ደግሞ ፍክት! ጢሱ በሽታዋን እየነቀለላት ነዋ! እሱን አይቼ እንጨት ጨመርኩበት።

ሐመልማል፦ ጨመሩበት።

ዘውድነሽ፦ ጨመርኩ! ሲነቀል እኮ ያማል።

ሐመልማል፦ ወይ አምላኬ።

ዘውድነሽ፦ ምነው ሻይሽን ገፋሽው?

ሐመልማል፦ ከጠዋት ጀምሮ እየገፋሁት ነው። እትዬ፣ የተነቀለ ነገር የለም። ዓይኗን የሚያጨልመው ሙቀቱ ነው። ሲበርዳት የሚመለሰውም ለዚያ ነው።

ዘውድነሽ፦ የእናት የአያቴ ጢስ? ማንን አሳምሞ ያውቃል?

ሐመልማል፦ ሌላውን ምንም አይለው ይሆናል። ለእሷ አይሆናትም።

ዘውድነሽ፦ ለምን? ከሰም ነው የተሠራችው?

ሐመልማል፦ ትንሽ ይረጋጉ፣ ልንገርዎ።

ዘውድነሽ፦ «ይረጋጉ» ስትሉ ነው እኔ የምፈራችሁ። ተይው፣ አትንገሪኝ። መርፌዋን ስጭና ልሂድ። ደግሞ ከዚህ ክፍል ወሬ እንዳይወጣ! ማንም ቢጠይቅሽ ብርድ መቷት ነው በይ። በተለይ ያ ሙሽራ ተብዬው!

ሐመልማል፦ ይድነቃቸው?

ዘውድነሽ፦ ስሙን አትጥሪብኝ!

ሐመልማል፦ ምን አጠፋ?

ዘውድነሽ፦ ምን ያላጠፋው አለ! ቅዳሜ ሴቶች ተሰብስበን፣ ልጄ ተከናንባ ጉድጓዱ ላይ ተቀምጣ፣ እኛ እየዘፈንን፣ ባልዲ ሙሉ ውሃ ይዞ ከተፍ አይልም? ወንድ ዝር በማይልበት! ማንንም አላናገረም። እሷን ደግፎ አስነሳና ጉድጓዱ ውስጥ ቸለስ! አመዱ ሁላችንንም አለበሰን። ባልዲውን እዚያው ወርውሮት ሄደ።

ሐመልማል፦ ለምን እንዳደረገው አልጠየቁትም?

ዘውድነሽ፦ እንዴት አልጠይቀውም! መሬት መሬት ያያል። ጥፋት ያለበት ሰው መሬት ነው የሚያየው።

ሐመልማል፦ መሐላ ያለበትም ያያል።

ዘውድነሽ፦ የምን መሐላ? እኔማ፣ «እሳቴን እንዳጠፋህ ቤትህ እሳት አይንደድበት» ብዬ ረገምኩት። ሽማግሌ ይዞ ይቅርታ ካልጠየቀ ሰርግ የለም። እሱ ደግሞ ብሶ፣ «ወይባው ይቅር፣ ያን ጊዜ እመጣለሁ» ብሎ ላከብኝ። ሞቼ ነው! ዛሬ ማታ አነድዳለሁ። አንቺ ብቻ ጢሱን የምትችልበት መርፌ ስጫት።

ሐመልማል፦ ሰርጉ በጢስ ይፈርሳላ።

ዘውድነሽ፦ ይፍረስ! ድሮም ወጉ አላማረኝም። ቤቴ ሲመጣ ያቺን በረዶ የምትይዝ ቀይ ሳጥኑን አንጠልጥሎ ነው፤ አይስክሬም ነጋዴ ይመስል። ምን እንደሆነ እንጃ፣ ፍሪጄ ውስጥ ከኋላ ሸጉጦ ይሄዳል። ሲያዩት ያላማረ ሲበሉት ያቅራል።

ሐመልማል፦ እትዬ ዘውዴ፣ ትርሲት ትናንት እዚሁ ወንበር ላይ ተቀምጣ አለቀሰች። «አክስቴ እታለም ልትመጣልሽ ነው፤ እኔ አፍ አጣሁ፤ አንቺ ንገሪልኝ» አለችኝ።

ዘውድነሽ፦ መርዶ ነው እንዴ?

ሐመልማል፦ መርዶ አይደለም። ግን መርዶ ነጋሪ እንኳ ጎህ ሲቀድ ነግሮ ይገላገላል። እኔ እስከ ማታ ነኝ።

ዘውድነሽ፦ ካንሰር ነው።

ሐመልማል፦ አይደለም።

ዘውድነሽ፦ ይገድላታል?

ሐመልማል፦ እሱን አይፍሩ። አብሯት የሚኖር ነው። ኤም ኤስ ይባላል። ሰውነቷ የገዛ ነርቯን ልባስ ይልጣል። ላስቲኩ የተላጠ የመብራት ሽቦ አይተዋል?

ዘውድነሽ፦ ይነዝራል።

ሐመልማል፦ አዎ። አንዴ ይበራል፣ አንዴ ይጠፋል። የእሷ የተላጠው ቦታ ደግሞ ሲሞቅ ይብስበታል።

ዘውድነሽ፦ እኔ ነኝ የላጥኳት? በጢስ?

ሐመልማል፦ አይደሉም። ያምና ዓይኗም እሱ ነበር። ጢሱ አላመጣውም፤ አሳየብን እንጂ።

ዘውድነሽ፦ እንግዲያ ጢሱን ከተውኩ ዳነች በያ! እልልል...

ሐመልማል፦ አልዳነችም። ሁላችሁም እዚች ጋ ነው የምትስቱት። በሽታው ሲተኛ ሄደ ትላላችሁ፣ መድኃኒቱን ትወረውራላችሁ፣ ከዚያ በቃሬዛ ትመጡልኛላችሁ።

ዘውድነሽ፦ አትቆጭኝ እንጂ።

ሐመልማል፦ ይቅርታ። ምሳ አልበላሁም።

ዘውድነሽ፦ ምን ዓይነት ነው ደግሞ? አገራችን እንዲህ ያለ በሽታ አልነበረም። የፈረንጅ ይሆናል።

ሐመልማል፦ እኔንም ስማር እንዲያ ነው ያሉኝ። «አታገኚውም፣ ሌላ አጥኚ» አሉኝ። ሲገቡ መተላለፊያው ላይ የቆሙትን አላዩም? ወንበር አልበቃቸው ብሎ ነው። «ብርድ ነው» ተብለው ቤት የተቀመጡት ደግሞ አሉ።

ዘውድነሽ፦ ለእኔ ነው ይቺ።

ሐመልማል፦ ለእርስዎ ብቻ አይደለም።

ዘውድነሽ፦ የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል። በይ ስሚኝ፣ እባክሽ፣ እንደ ልጄ ልለምንሽ። ያ ልጅ እንዳይሰማ። እህቴ፣ የትርሲት እናት፣ አልጋ ስትይዝ ባሏ ጫማውን አድርጎ ነው የወጣው። ወንድ ሲሰማ ይሄዳል። አውቀዋለሁ።

ሐመልማል፦ እሳቱን ስላጠፋ አባረሩት፤ አሁን ደግሞ ይሄድብኛል ብለው ይፈራሉ?

ዘውድነሽ፦ እኔ ባባርረው ሌላ፤ እሱ ጥሏት ቢሄድ ሌላ!

ሐመልማል፦ ቀይ ሳጥኑ ውስጥ ያለው ምን መሰለዎት?

ዘውድነሽ፦ እኔ ምን አውቄ።

ሐመልማል፦ የትርሲት መድኃኒት ነው። እሱም እንደ እሷ ሙቀት አይወድም። በየወሩ ከዚህ በበረዶ አድርጎ የሚወስድላት ይድነቃቸው ነው።

ዘውድነሽ፦ ያውቃል?

ሐመልማል፦ ሽማግሌ ሳይልክ በፊት ነው ያወቀው።

ዘውድነሽ፦ አውቆ ነው የላከው?

ሐመልማል፦ አውቆ። ሙቀት እንደማይስማማት ለሁለቱም ነግሬያቸዋለሁ። ትናንት ግን «ሙቀት ነክቶሽ ነው ወይ?» ብላት «የለም፣ ደክሞኝ ነው» ብላ ዋሸችኝ። ይሄው አሁን ከእርስዎ ሰማሁ።

ዘውድነሽ፦ ለምን አልሞቅም አትለኝም? አፍ የላትም?

ሐመልማል፦ «የእናትሽ ወግ» እያሏት? ለምን ቢሏት ምን ትመልስ? እሱንም እንዳይነግርዎ አስምላዋለች።

ዘውድነሽ፦ ስለዚህ በባልዲ ነገረኝ።

ሐመልማል፦ ሌላ ምን መንገድ ነበረው?

ዘውድነሽ፦ እኔ ከሰው ልደብቃት እዚህ ድረስ ስለፋ፣ እነሱ ከእኔ ደብቀው ቁጭ። «እንጨት ጨምሩ» ስል ዝም ብላ... ልጄን እኮ!

ሐመልማል፦ ውሃ ላምጣልዎ?

ዘውድነሽ፦ የውሃ ነገር አታንሽብኝ።

ሐመልማል፦ እሺ።

ዘውድነሽ፦ እንዳልሽው ተኝቶ ቢነሳስ? ሰርጉ ላይ ቢጥላትስ?

ሐመልማል፦ ሊነሳ ይችላል፤ አልዋሽዎትም። ሰርጉን ግን ጥላ ሥር አድርጉት፣ ቀዝቃዛ ነገር ትጠጣ፣ ሲደክማት ትቀመጥ። መድኃኒቷ አይቋረጥ። የማውቀው ይሄን ነው።

ዘውድነሽ፦ የዚያ ልጅ ስልክ አለሽ አይደል?

ሐመልማል፦ አለኝ።

ዘውድነሽ፦ ደውይለት። የእኔን ቁጥር ሲያይ አያነሳም።

ሐመልማል፦ እየጠራ ነው። ምን ልበለው?

ዘውድነሽ፦ ይቅርታ ምናምን እንዳትይው! ባልዲህን ረስተህ ሄደሃል በይው። ውሃ ሞልቼ በሩ ላይ አስቀምጥለታለሁ።