ወንዴን ማን አሰረው?

የሰኔ ደመና ፎገራ ላይ በተንጠለጠለበት ቀን አቶ ንብረት ወረታ መገንጠያ ላይ የይፋግ መኪና ሲጠብቁ፣ የልጃቸው የወንዴ ሚዜ የነበረው መምህር ይልቃል ከባጃጅ ወረደ። አይቷቸው ነበር፤ አንገቱን ደፍቶ ሊያልፍ ሲል ደግሞ አፍሮ ተመለሰና ጉልበታቸውን ሳመ። ምን እንዳሸሸው አቶ ንብረት አልገባቸውም።

በዚያ አገር ሚዜ ማለት አጃቢ ብቻ አይደለም። በሠርጉ ቀን ለሙሽራዋ “እህቴ ነሽ” ብሎ ይምላል፤ ባሏ ሲያስከፋት አባቷ ሳይሰማ የሚሰማው እሱ ነው።

“ወዴት ነው ጋሸ ንብረት?”

“ተይፋግ ልሄድ ነው። የታሰረ የሚፈታ ደብተራ አለ አሉኝ። ወንዴን አስረውብኛል ልጄ! ጥር ላይ ዳርሁት፤ እስተ ዛሬ ሚስቱን በወጉ አላወቃትም። ናፍቆትም ተነሥታ ታባቷ ቤት ገባች። ነገ ሽማግሎቿ ለፍች ይመጣሉ። ዛሬ ካልተፈታ ትዳሩ አለቀ።”

ይልቃል ክንዳቸውን ይዞ ወደ ሩዝ መፈልፈያው ጥላ ወሰዳቸው። ላቡን ጠረገ። “ይቅር ይበሉኝ ጋሸ። ወንዴን ሰው አላሰረውም። ያሰረው ስልኩ ነው።”

“ስልኩ?” አቶ ንብረት ዓይናቸው ፈጠጠ። “ዘንድሮ ድግምቱም በስልክ ሆነ?”

ሌላ ቀን ቢሆን ይልቃል ይስቅ ነበር። ለአባት የማይነገር ነገር ስለሆነ እየተንተባተበ ነገራቸው፦ ወንድና ሴት በመኝታቸው የሚያደርጉትን እያሳየ የሚነገድበት የነውር ፊልም አለ፤ ወንዴ ተማሪ ሳለ ጀመረው፣ አሁንም አልተወውም።

ሽማግሌው ምራቃቸውን እንትፍ አሉ። ቆይተው ግን ራሳቸውን ነቀነቁ። “ኃጢአትነቱን አልክድህም፤ ለንስሐ አባቱ ይናገር፣ ይስገድ። ግን ማየት ሰው ይጎዳል እንዴ? እኛ ጎረምሶች ሳለን ሴቶች ርብ ወንዝ ወርደው ሲታጠቡ ተደብቀን እናይ ነበር። ይኸው ሰባት ወለድሁ!”

“እነዚያ ሴቶች ሲያዩዎት ምን አደረጉ?”

“በድንጋይ ነዋ ያባረሩን።”

“አዩ? እርስዎን ድንጋዩ መለሰዎ። ይሄኛው የሚያባርር የለው፣ የሚያፍር የለው፣ የሚያልቅ አይደል። አንዱ ሲሰለች ሌላ፣ ያም ሲሰለች የባሰ ይመጣል። ሁሉን ሰው እኩል ይጎዳል አልልዎትም፤ ጠላ የጠጣ ሁሉ አይሰክርም። ወንዴ ግን ሰከረ።”

“ሥዕል አይደለም ወይ? ጥላ እንዴት አድርጎ ሥጋ ለባሿን ሚስት ያስጠላል?”

የተማረ ሰው መልስ ሲያጥረው የፈረንጅ ጥናት መጥቀስ ይቀናዋል፤ ይልቃል ግን ገበሬ ያሳደገው ነውና ሌላ መንገድ ያዘ። “ጋሸ፣ ዳለቻው በሬዎ ምን ሆኖ ነበር የከሳ?”

“ዳለቻ? ዘመድ ዘንድ ከተማ ከርሞ ነዋ። የጠላ አተላ አስለምደው ላኩልኝ። ሣር ቢያጭዱለት አይቀምስ፣ ገለባ ቢያቀርቡለት ፊቱን ያዞራል። ለምለም ሣር ላይ ቆሞ እምቧ እያለ አተላ ይጠብቃል።”

“ሣሩ ምን ሆኖ ነበር?”

“ሣሩማ ምን ይሆናል?”

“ናፍቆትም ምንም አልሆነችም ጋሸ።”

አቶ ንብረት የእብቅ ጆንያ ላይ ቁጭ አሉ። ለልጃቸው አዘኑ፣ አፈሩበት፤ የትኛው እንደሚበልጥ ግን አላወቁም።

“እሱ ራሱ ነው የነገረህ?”

“እያለቀሰ። ‘ልተወው ብዬ እምላለሁ፤ እጄ ግን አይሰማኝም። አጠገቤ ተኝታ እያለች እንኳ ልቤ እሷ ዘንድ የለም’ አለኝ።”

“እንግዲያ ምን ይሻለዋል?”

“ይድናል፤ በአንድ ጀምበር ግን አይደለም። ስልኩን ለብቻው ይዞ አይተኛ። ጤና ጣቢያ የሚያማክረው ሰው አለ፤ እኔ እወስደዋለሁ። እርስዎም አይስደቡት፤ የተሰደበ ይደበቃል፣ የተደበቀም ወደዚያው ይመለሳል። ሲተወው እንቅልፉን ያገኛል፣ ማሳ ላይ ማንጎላጀቱ ይቀራል፣ ከሰው ዓይን መሸሹን ያቆማል። ከሁሉም በላይ ሴትን ሰው ናት ብሎ ያያል።”

“በቃ፣ አምኛለሁ። ደብተራውም ይቅር።” ይህን ብለው ከተነሡ በኋላ ተመልሰው ተቀመጡ። “ይልቃል... እኛ እኮ ጠበል ያስገባነው ናፍቆትን ነው። ሰዎች የድግምቱ ቋጠሮ ያለው ምራታችሁ ላይ ነው ቢሉን፣ ሁዳዴን ሙሉ በየማለዳው በዚያ ቀዝቃዛ ውኃ...”

“አውቃለሁ ጋሸ።”

ይፋግ መሄዳቸው አልቀረም፤ የሄዱት ግን እዚያው ካለው የናፍቆት አባት ቤት ነው። ደጁ ላይ ትልቅ ድንጋይ አንሥተው ትከሻቸው ላይ አደረጉና እንደ በደለኛ ቆሙ። ናፍቆት ወጣች። ከስታለች። እንደ ልማዷ ዝቅ ብላ ጉልበታቸውን ሳመች።

“ልጄ፣ ጥፋቱ ያንቺ አልነበረም። ሕመሙ የልጄ ነው፤ ዛሬ ነው የሰማሁ። ማሪኝ።”

“እኔስ ቀድሜ አውቄ ነበር አባባ። ስልኩን አይቼዋለሁ።”

“ታዲያ ጠበል ስናመላልስሽ ምነው ዝም አልሽ?”

ናፍቆት መሬት መሬቱን አየች። “ስልኩ ላይ እነዚያን ሴቶች አየኋቸዋ። ከዚያ ራሴን አየሁ። እውነትም ቋጠሮው እኔ ላይ ነው አልሁ።”

አቶ ንብረት ፊልሙ የሚያየውን ብቻ ይጎዳል ብለው ነበር መንገዱን ሙሉ ያሰቡት። ወንዴ ታክሞ ሊድን ይችላል፤ የዚህችን ልጅ ልብ ግን ወደ የትኛው ጤና ጣቢያ ይወስዱታል? ወደ ቤትሽ ተመለሽ ሊሏት መጥተው ነበር፤ ያን ግን ተዉት።

እሷ ግን ድንጋዩን ከትከሻቸው አውርዳ መሬት ላይ አስቀመጠችው። ከነጠላቸውም አቧራውን አራገፈችላቸው።

“ምሬዎታለሁ አባባ” አለች። “ነገ ሽማግሎቹ ሲመጡ ግን አይከልክሏቸው።”