ቡርሃን ያንኮራፋበት ሰሞን

«እንዴት አደርሽ ለተብርሃን? ደህና ነሽ ወይ? ልጆቹስ ደህና አደሩ? … ሰማዩ ዛሬ ጥርት ብሏል፣ አይደል? ማለቴ ጥርት ሳይል አይቀርም፤ ከጭሱ በላይ ያለው።»

ጠሂራ ከሰባተኛ ሰፈር ወረድ ብሎ በመኪናው መንገድ ዳር ካለው ቤቷ ደጃፍ ቆማ ያጠበችውን ነጠላ እያሰጣች ነው። ጎረቤቷ ለተብርሃን መልስ አልሰጠችም። ንቀት እንዳይመስላችሁ፤ አፏ በልብስ መቆንጠጫ ተሞልቶ ነው። ጠሂራም ብትሆን የለተብርሃንን መልስ አልፈለገችም። የፈለገችው ከአጥሩ ወዲያ፣ ሊስትሮው ዘንድ ተቀምጠው ጫማ የሚያስጠርጉትን ሰውዬ ጆሮ ነው። ስማቸውን እሷ አልጠራችም፤ እሷ ያልጠራችውን እኔ ምን አግብቶኝ እጠራለሁ? የሰፈሩ ኮሚቴ ሰብሳቢ ናቸው ማለት ይበቃል። አንዱ ጫማቸው ተወልውሎ ያበራል፤ ሌላው አቧራውን እንደለበሰ ነው። እንዲህ ሆኖ መቼም ሰው ተነስቶ አይሄድም። ጠሂራም ይህን አይታ ነው ወሬ የጀመረችው።

«ከሰዓት በኋላ ስብሰባ አለ ሲሉ ሰማሁ። የመንገዱ ጉዳይ ነው አሉ። … እኔማ አንዳንድ ሰው ሳይ እደነቃለሁ! ሰው ለሰፈሩ ብሎ እንዲህ ይደክማል? ድሮ ከባድ መኪናው ሁሉ በላይ በኩል፣ በ… በአንድ ሰው በር ሲያልፍ ትዝ አይልሽም? ምስኪን፣ እንቅልፍ አጡ። ‹ሕዝቡ ተቸገረ› ብለው ከቢሮ ቢሮ ተንከራተቱ። ሕዝብ ማለት መቼም ከራስ ይጀምራል፣ አይደል እንዴ? ይኸው ዛሬ በላይ በኩል ‹ለከባድ መኪና ክልክል ነው› የሚል ሰሌዳ ቆሟል፤ ከጎኑም ችግኝ ተተክሏል። መልካም አስተዳደር ይሉሻል ይኼ ነው! እኛንም አልረሱንም፤ መኪናውን በሙሉ ላኩልን። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ይባል የለ? እሳቸውም ሸክማቸውን ነው ጌጥ ብለው የሸለሙን።»

ይህን እያለች አንድ ተሳቢ ዳገቱን እያቃሰተ መጣ። ጠሂራ ጣቷን እንዳነሳች ቆመች። መኪናው ጥቁር ጭሱን አጥሩ ላይ ለቆ እስኪያልፍ ጠበቀችው። ነጭ ሆኖ የተሰጣው ነጠላ አመድ መሰለ። ሊስትሮው አሳለ፣ ሰብሳቢው አሳሉ፣ ለተብርሃንም ስታስል መቆንጠጫዎቿ መሬት ላይ ተበተኑ። ከቤት ውስጥ የጠሂራ ባል ቡርሃን አሳለ። የሌሎቹ ሳል ከመኪናው ጋር ሄደ፤ የቡርሃን ግን አላባራም። አስም አለበት። ጠሂራ እስኪበርድለት ድረስ ፊቷን ወደ በሩ መልሳ አዳመጠች። ከዚያ እንደገና ፈገግ አለች፤ ሰብሳቢው ፈገግታዋን ቢያውቁት ኖሮ ባልተጠረገው ጫማቸው ይሮጡ ነበር።

«‹ከአንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድም› ይላሉ። የእኛ ሰፈር ምን አንጀት አስፈለገው? መስኮት መክፈት ይበቃል። … ባለፈው ስብሰባ ምን እንደተባልን ታስታውሻለሽ? ‹ጭሱ የዕድገት ምልክት ነው።› እውነት ነው! የቡርሃኔ ደረት ሌሊት ሲያፏጭ ስሰማ፣ ‹ይኼ ሁሉ ዕድገት እንዴት በአንድ ሰው ደረት ገባ?› እላለሁ። አንዳንዱ ደግሞ ዕድገቱን ለእኛ ትቶ፣ ራሱ በንጹሕ አየር ኋላ ቀር ሆኖ ቀረ። እንዲህ ያለ መሥዋዕትነት የት ይገኛል?

«ሌላ መንገድ የለም ተብለናል። ትልልቅ ሰዎች አጥንተው የለም ካሉ፣ የለም ነው። … ብቻ ያን ሰሞን መንገዱን ምን እንደነካው እንጃ። የአንድ ትልቅ ሰው አማት ያረፉ ጊዜ፣ ነፍስ ይማር። ድንኳኑ ከራሳቸው በር እንዳይተከል ችግኙ አለ። ችግኝ ይረገጣል እንዴ? የእኛ በር ይሻላል ተባለ። አንድ ስልክ ደወሉ … አንድ ስልክ፣ ለተብርሃን! መኪናው ሁሉ በሌላ በኩል ዞሮ ሄደ። ለካ የሌለው መንገድ ለቀስተኛ ሲያይ ይፈጠራል!

«ሦስት ቀን ሙሉ ነጠላዬ ነጭ ሆኖ ዋለ። ቡርሃንን እንቅልፍ ወሰደው። እንቅልፍ ብቻ? አንኮራፋ እንጂ! ከስንት ዘመን በኋላ፣ ቆርቆሮው እስኪንቀጠቀጥ አንኮራፋ። እኔ አጠገቡ ቁጭ ብዬ ሳዳምጠው አደርኩ። ወላሂ፣ እንደዚያ የሚጥም ዘፈን ሰምቼ አላውቅም። … ድንኳኑ ሲነቀልማ ሰፈሩ እንዴት አለቀሰ! ዘመድ አዝማዱ ‹ሟቿን እንዲህ ይወዷቸው ኖሯል?› ብሎ ተገረመ። ደግ ሴት ነበሩ መቼም፤ አንድም ቀን አይቻቸው ባላውቅም። የድንኳኑን ምሰሶ አቅፋ ‹አይነቀልብን› ያለችው አንቺ አልነበርሽም እንዴ?»

ለተብርሃን መቆንጠጫዎቿን እየለቀመች ሳቋን በነጠላዋ አፈነች። ሰብሳቢው ሁለተኛውን ጫማቸውን ከሳጥኑ ላይ ሊያነሱ ሞከሩ። ሊስትሮው ግን ቀለም ቀብቶት ስለነበር ቁርጭምጭሚታቸውን ይዞ መለሰው። እሱም የሚያድረው በጭሱ ወገን ነው፤ የዛሬው ጠረጋ የሙሽራ ጫማ ይመስል አላልቅ አለ። ጠሂራ እጆቿን ወደ ላይ ዘረጋች።

«ሰው ማማት ደግሞ አልወድም። እኔ ለእንደዚያ ያለ ሰው ዱአ ነው የማደርገው። … አላህ ረጅም ዕድሜ ከጤና ጋር ይስጣቸው። ልጆቻቸውን ይዳሩ፣ የልጅ ልጅ ይሳሙ። ቀኑ ሲደርስም፣ ያርቀውና፣ ቀባሪ አያሳጣቸው! አሚን በይ እንጂ! … እኛ እያለን ደግሞ ቀባሪ ያጣሉ? ሰፈሩ ማንም ሳይጠራው ግልብጥ ብሎ ነው የሚወጣላቸው። ድንኳናቸውንም እዚሁ በራችን ላይ እንተክልላቸዋለን፤ እስከ አርባቸው ድረስ አንድ ካስማ የሚነቅል የለም። ቡርሃኔም አርባውን ሌሊት ሙሉ እያንኮራፋ ነፍሳቸውን ይመርቃል።»