የሚስ ኦሬታ ጣትና የተደበቀው ሙያ

ማክሰኞ ጧት ወደ ዋና ከተማችን ብሪጅታውን የሚሄደውን አውቶቡስ ስጠብቅ ሚስ ኦሬታ የቤተ ክርስቲያን ባርኔጣቸውን ደፍተው፣ ነጭ ጓንት አጥልቀው መጡ። ጡረታ የወጣሁ አስተማሪ ነኝና ሳልጠይቅ ማለፍ አልችልም።

«ሠርግ አለ እንዴ?» አልኳቸው።

«ምን ሠርግ አለ መምህር! ጣቴን ላስቆርጥ ነው።»

ክው አልኩ። ሚስ ኦሬታ በመንደራችን ገበያ ሃምሳ ዓመት ሙሉ የበራሪ ዓሣ እሾህ ሲያወጡ የኖሩ፣ በቢላዋ ፍጥነት ተወዳዳሪ ያልተገኘላቸው ሴት ናቸው። ጓንቱን ሲያወልቁ የቀኝ እጃቸው ሌባ ጣት አብጦ ጠቁሯል፤ ከእጃቸው ጀርባ እስከ ክንዳቸው እባጮች ተሰልፈዋል።

«ስምንት ወር ሙሉ መድኃኒት ቢቀያይሩልኝ ወይ ፍንክች! ከቁስሉ ወስደው ቢመረምሩም ምንም አልተገኘም አሉኝ። ይቆረጥና ልገላገል፤ በዘጠኙ እሠራለሁ» አሉ። ድምፃቸው ጠንካራ ነበር፤ ዓይናቸው ግን እንባ አቅርሯል።

እሳቸው በሚታከሙበት ክሊኒክ ላቦራቶሪ የምትሠራው የጎረቤቴ ልጅ ኬዚያ አጠገባችን ቆማ ኖሮ ጠጋ አለች።

«ይቅርታ ሚስ ኦሬታ፣ ለሐኪሙ ሥራዎ ምን እንደሆነ ነግረውታል?»

«የቤት እመቤት ነኝ አልኩት።»

«ዓሣ እንደሚሠሩስ?»

«በምን ያውቃል! ከመሄዴ በፊት እጄን በሎሚና በጨው ሦስቴ ነው የማሸው። እናቴ ‘ዓሣ እየሸተትሽ ሐኪም ፊት ቀርበሽ መንደሩን እንዳታሰድቢ’ ብላ ነው ያሳደገችኝ።»

እውነቱን ለመናገር እኔም በልቤ ደገፍኳቸው። የእኛ የባሕር ጠረፍ ሰው ከተማ ሲገባ ዓሣ አይቶ የሚያውቅ አይመስልም።

«እንግዲያው ጀርሙን የደበቁት እርስዎ ነዎት!» አለች ኬዚያ እየሳቀች። «በዓሣና በውሃ የሚኖር፣ እሾህ በወጋው ቦታ የሚገባ ጀርም አለ። የሳንባ ነቀርሳ ዘመድ ነው።»

«ነቀርሳ? ስሜን ልታጠፊው ነው?»

«ዘመዱ ነው አልኩ እንጂ ራሱ ነው አላልኩም። ይሄኛው ሙቀት አይስማማውም፤ ቀዝቀዝ የሚለው ጣት ላይ የሚሰፍረውም ለዚህ ነው። እኛ ደግሞ ናሙናውን በሰውነት ሙቀት ልክ አስቀመጥነው። የምርመራ ማዘዣው ላይ ዓሣ የሚል ቃል ቢኖር ቀዝቀዝ ባለ ቦታ እስከ ስድስት ሳምንት እንጠብቀው ነበር።»

«ጀርምም እንደ አማቴ ሞቀኝ ይላል በይኛ! እሺ፣ ከተገኘስ ይድናል?»

«አብዛኛውን ጊዜ ይድናል። ግን ሁለት ዓይነት ክኒን ለወራት ሳያቋርጡ፣ ቁስሉ ከዳነ በኋላም ጨምረው መዋጥ ነው።»

«የበፊቱን ክኒን በአምስተኛው ቀን ነው የወረወርኩት» አሉ። ከዚያም ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «ልጄ፣ ይጋባል? የልጅ ልጄን ካቀፍኳት ስምንት ወር ሆነኝ» አሉ።

«ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም። ዛሬውኑ ይሳሟት።»

ሚስ ኦሬታ እዚያው አለቀሱ። እኔም አለቀስኩ፤ አላፍርበትም።

ብቻቸውን ልተዋቸው አልቻልኩምና ሦስታችንም ክሊኒክ ስንደርስ ጸሐፊዋ ሥራቸውን ጠየቀች። ሚስ ኦሬታ አዳራሹ ሁሉ እስኪሰማ፣ «ዓሣ ሠራተኛ! ሃምሳ ዓመት!» አሉ። ያን ጊዜ ከኋላ ወንበር አንድ ጎልማሳ እጁን ከኪሱ አወጣ። የእሱም ጣት አብጧል።

«እኔም ዓሣ አጥማጅ ነኝ» አለ አንገቱን ደፍቶ፤ «መካኒክ ብዬ ነው ያስጻፍኩት።»

ናሙናው እንደገና ተወስዶ በሦስተኛው ሳምንት ጀርሙ በቀለ፤ መቁረጡም ቀረ። ሚስ ኦሬታ ክኒኑን እያጉረመረሙ ዋጡ፤ በየካቲት ቁስሉ ተዘግቶ፣ ወፍራም ጓንት አጥልቀው ወደ ገበያ ተመለሱ። ክኒኑን ግን ገና አልጨረሱም ነበር። ዛሬ በገበያችን እሾህ የወጋው ሁሉ ቶሎ ይታጠባል፤ አልድን ያለው ደግሞ ክሊኒክ ሄዶ ሙያውን በግልጽ ያስጽፋል። በሙያ ማፈር ጣት ሊያሳጣ እንደሚችል ሁላችንም ተምረናል።

አንድ ቅዳሜ ጣታቸውን ሊቆርጥ የነበረው ሐኪም ዓሣ ሊገዛ መጣ። ሚስ ኦሬታ ጓንታቸውን አውልቀው አሥሩንም ጣቶቻቸውን ፊቱ ዘረጉና፣

«ዶክተር፣ ይምረጡ! የዓሣውን እሾህ በየትኛው ላውጣልዎት?» አሉት።