ለእማዬ ያልተዘጋው ኪችን

ለንደን ውስጥ ወደ ስቶክዌል በሚሄደው አውቶቡስ አንዲት ወጣት ከጎኗ ለተቀመጡ እናት ታወራለች።

«ትናንት ልደቴ ነበር፤ ከእማዬ ጋር ካፌ መብላት ተመኘሁ።»

«በዐቢይ ጾም?»

«ችግሩ እሱ ነው! እሷ እስከ ዘጠኝ ሰዓት አትቀምስም። የሰፈራችን ካፌ ደግሞ ብራንች የሚሉትን የረፋድ ምግብ ስምንት ላይ ያቆማል፤ እራት የሚጀምረው አስራ ሁለት ነው።»

«ታዲያ ቀረ?»

«ለሼፉ ነገርኩት። ኪችኑን ሳይዘጋ ጠበቀን!»

«ቅቤ በነካው መጥበሻ ጠብሶ ይሆናል።»

«አዲስ መጥበሻ አውጥቶ፣ እፊቷ አጥቦ እንጉዳይ በዘይት ጠበሰላት።»

«ክርስቲያን ነው?»

«ሙስሊም ነው እትዬ። ‹የጾመኛን ነገር ለእኔ ተዉት› አለን።»

«በላች?»

«ሃያ ዓመት ውጭ በልታ የማታውቅ ሴት ሰሃኑን በዳቦ ጠረገችው!»

«እጁ ይባረክ! ስሙን ንገሪኝ፣ በጸሎቴ ላስበው።»

ከኋላቸው ተቀምጬ የገመጥኩትን የእንቁላል ሳንድዊች ቀስ ብዬ ቦርሳዬ ውስጥ መለስኩት።